ስኳሩ ከፍ ሲል፣ ገበታው ሲጠብ፦ ቅድመ ስኳርና ራስን ከምግብ የመከልከል ሕመም በምዕራብ ጎጃም

(ከሕዝባዊ ገለጻ በጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ገለጻዬ በአንድ ሰው አካል ውስጥ አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ፣ እኛ ግን በየክፍሉ ለየብቻ ስለምናስተምራቸው ሁለት ችግሮች ነው። አንደኛው ቅድመ ስኳር፣ ሁለተኛው ራስን ከምግብ የመከልከል ሕመም ነው። ለመጀመሪያው የምንሰጠው ምክር «ቀንስ፣ ተው፣ ተጠንቀቅ» የሚል ነው። ሁለተኛው ያለበት ሰው ደግሞ የሚሠቃየው በእነዚሁ ሦስት ቃላት ነው። ታዲያ ሁለቱም ያሉበትን ሰው ምን ብለን እንምከረው?

በቅድሚያ ቃላቱን እንወስን። ቅድመ ስኳር የምንለው የደም ስኳር ከጤናማው መጠን አልፎ ስኳር በሽታ ወደሚባልበት ደረጃ ሳይደርስ ሲቀር ነው። በአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር መለኪያ፣ ሳይበላ ከታደረ በኋላ ከ100 እስከ 125 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር፣ ወይም ሄሞግሎቢን ኤ-ዋን-ሲ ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የጾም ልኬቱን ከ110 ይጀምራል። ይህ ማስጠንቀቂያ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ወደ ስኳር በሽታ የማይሸጋገሩ ብዙዎች ናቸው።

ራስን ከምግብ የመከልከል ሕመም ግን ሰው የሚበላውን መጠን ወይም ዓይነት አካሉ እስኪጎዳ ድረስ የሚያጠብበት ነው። አንዳንዱ ክብደት እንዳይጨምር በመፍራት፣ ሌላው ያለዚህ ፍርሃት፣ ፍላጎት በማጣት ወይም ትንታንና ማስመለስን በመፍራት ያደርገዋል። በአማርኛ የጸና የወል ስም ስለሌለው «ምግብ አይስማማትም»፣ «ጾመኛ ናት» በሚሉ አነጋገሮች ይሸፈናል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከጋና የወጣ ጥናት ከ600 በላይ ሴት ተማሪዎችን መርምሮ፣ ራሳቸውን እያስራቡ የከሱ አሥር ልጆችን አግኝቷል። ምክንያታቸውን በሃይማኖትና ራስን በመግዛት እንጂ በውፍረት ፍርሃት አልገለጹትም። ለአገራችን ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ይህን ስል ጾምን መንቀፌ አይደለም። ጾም መያዣና መፍቻ አለው፤ ሕመሙ ግን ፋሲካ የለውም። ፍትሐ ነገሥቱም የታመመውን ከጾም ግዴታ ያወጣዋል። ስለዚህ የንስሐ አባት በዚህ ሕክምና ውስጥ ተቃራኒ ሳይሆኑ ረዳት ናቸው።

አሁን ወደ አካሉ አሠራር እንለፍ። «ትንሽ የሚበላ ሰው ስኳሩ እንዴት ከፍ ይላል?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ሰውነት ሲራብ ስብን ማቃጠል ይጀምራል፤ በደም ውስጥ የስብ አሲዶች ይበዛሉ፤ ኮርቲሶልና የእድገት ሆርሞን ከፍ ይላሉ። እነዚህ ሁሉ የኢንሱሊንን ሥራ ያውካሉ። ቆሽትም ኢንሱሊን ለማመንጨት ይዘገያል። ከረጅም ረሃብ በኋላ አንድ ትልቅ ገበታ ሲቀርብ ስኳሩ የሚያሻቅበው ለዚህ ነው። ስኳር ጠጥቶ ለሚደረግ ምርመራ፣ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት በየቀኑ ቢያንስ 150 ግራም ካርቦሃይድሬት መብላት የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያልበላን ሰው መርምሮ «ምግብ ቀንስ» ማለት፣ የረሃብን ውጤት በረሃብ ማከም ሊሆን ይችላል።

ሄሞግሎቢን ኤ-ዋን-ሲም ብቻውን አይታመንም። በብረት እጥረት የሚመጣ የደም ማነስ በሐሰት ከፍ ሊያደርገው፣ ቀይ የደም ሕዋሳትን የሚያፈርስ እንደ ወባ ያለ ሕመም ደግሞ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ወባ በሚያጠቃቸው የምዕራብ ጎጃም ቆላዎች ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

ስኳርና ክሳት አብረው መሄዳቸው ለሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ከጎንደርና ከጅማ የተውጣጡ ሐኪሞችና አጋሮቻቸው ዲያቤቶሎጂያ በተሰኘው መጽሔት፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕሙማን ጉዳይ ከምግብ እጥረት ጋር ተያይዞ እንደገና እንዲታይ ጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «ዓይነት 5» ብሎ ተቀብሎታል። የእነዚህ ሕሙማን እጥረት ከድህነት የመጣ ነው፤ የእኛ ርዕስ ከአእምሮ ሕመም የመጣውን ይመለከታል። ቢሆንም ሁለቱም «ስኳር የወፍራም ሰው በሽታ ነው» የሚለውን አስተሳሰብ ያፈርሳሉ።

«ክብደት ቀንሱ» የሚለው ምክር ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ታላቁ የአሜሪካ የስኳር መከላከያ ጥናት፣ የክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የተመከሩት ሰዎች ወደ ስኳር በሽታ የመሸጋገር ዕድላቸው በ58 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ጥናቱ የተካሄደው ግን ከልክ ያለፈ ክብደት ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። ያንኑ ምክር ለከሳ ሰው መስጠት «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የሚለውን ተረት ያስታውሳል። ቅድመ ስኳር በዓመታት የሚለካ ሥጋት ነው፤ የከፋ ራስን ማስራብ ግን በሳምንታት ውስጥ ልብን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ቀዳሚው ሕክምና መመገብ ነው።

በተግባር ይህ ምን ይመስላል? በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ዙሪያ ያለ ቤት የሚያስፈልገውን አብዛኛውን በጓዳው ያገኛል። እንጀራውን አናነሣም፤ እናጅበዋለን። ሽሮ፣ ምስር ወይም ባቄላ፣ ጎመን፣ ጥቂት ዘይት ወይም ኑግ፣ በፍስክ ቀን እንቁላል ወይም ወተት አብሮ ሲቀርብ ስኳሩ በዝግታ ይወጣል። የበቆሎ ቂጣ ብቻውን ከሚበላ ከባቄላ ጋር ቢበላ ይሻላል። ግብጦ ፕሮቲኑ ብዙ፣ ስታርቹ እጅግ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ተቆልቶ፣ ለቀናት ውኃው እየተለወጠ ተዘፍዝፎ መራራ መርዙ ሊወጣለት ይገባል። በምግቦች መካከል ያለው ጊዜ ከአራት ሰዓት ባይበልጥ መልካም ነው። ሻዩም ስኳር ካለው በባዶ ሆድ ሳይሆን ከምግብ ጋር ይጠጣ።

ልብ በሉ፤ «የተከለከለ ምግብ» የሚል ዝርዝር አልሰጠሁም። ግራም መቁጠር፣ በየቀኑ መመዘን፣ በየሰዓቱ ስኳር መለካት ለሌላው ሕመምተኛ ይጠቅም ይሆናል፤ ለዚህኛው ግን አንድ ሕግ በጨመርን ቁጥር ለሕመሙ አንድ መሣሪያ እናቀብላለን። ምክራችን በመቀነስ ፈንታ በመጨመር ይነገር፦ «እንጀራውን ተይ» ሳይሆን «ምስር ጨምሪበት»።

በጋራ ማዕድ የአንዱ ሰው ድርሻ ስለማይታይ ሕመሙ ለረጅም ጊዜ ሊሰወር ይችላል። ያው ማዕድ ግን መድኃኒትም ነው። ለንደን በሚገኘው ሞድስሊ ሆስፒታል የተጀመረው የቤተሰብ ሕክምና፣ ወላጆች የታመመውን ልጅ ማዕድ ራሳቸው እንዲመሩ ያደርጋል። እናት አጠገብ ተቀምጣ፣ ሳትቆጣ፣ ሳትለምን ማብላቷ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ማሳሰቢያ አለኝ። እጅግ የከሳ፣ የሚያዞረው፣ ራሱን የሚስት ወይም የልብ ምቱ የዘገየ ሰው በቤት ውስጥ በአንድ ጊዜ ብዙ እንዲበላ አይገፋ። ከረጅም ረሃብ በኋላ በድንገት መመገብ የደም ፎስፌትንና ፖታሲየምን አውርዶ ሊገድል ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ሆስፒታል ሄዶ በክትትል ይጀምር።

ውድ ተማሪዎች፤ ነገ በጤና ጣቢያ ስትቀመጡ፣ የስኳር ውጤት ይዞ የመጣን ሰው «ምን ትበላለህ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። «ምን ትተሃል? ከመቼ ጀምሮ? ስትበላ ምን ይሰማሃል?» ብላችሁም ጠይቁት። ምክራችሁ የሚጠቅመው ወይም የሚጎዳው በዚህ መልስ ነው።