የ1979 የጄኔቫ የስደተኞች ጉባኤ

የ1979 የጄኔቫ የስደተኞች ጉባኤ ከቬትናም፣ ከካምቦዲያና ከላዎስ የሚሸሹ ሰዎችን ጉዳይ ለመፍታት በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የተጠራ ዓለም አቀፍ ስብሰባ ነበር። የተካሄደው በስዊዘርላንድ ጄኔቫ ከተማ ሐምሌ 13 እና 14 ቀን 1971 ዓ.ም. (ጁላይ 20 እና 21 ቀን 1979 እ.ኤ.አ.) ሲሆን 65 መንግሥታት ተካፍለውበታል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻ

በ1975 ሳይጎን በሰሜን ቬትናም ሠራዊት እጅ ከወደቀች በኋላ ብዙ ሰዎች በትንንሽ ጀልባዎች አገራቸውን ጥለው ወጡ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ትውልዳቸው ከቻይና የሆነ ቬትናማውያን ነበሩ። ማዕበል፣ ጥማትና የባሕር ወንበዴዎች ስንቱን እንደፈጁ በትክክል አይታወቅም። የተረፉት ማሌዥያ፣ ታይላንድ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ፊሊፒንስና ሆንግ ኮንግን ከመሳሰሉ የባሕር ዳርቻዎች ደረሱ።

በጁን 1979 ኢንዶኔዥያ፣ ማሌዥያ፣ ሲንጋፖር፣ ታይላንድና ፊሊፒንስ ከእንግዲህ አዲስ ስደተኛ አንቀበልም አሉ። በዚያን ጊዜ ከአምስቱ አንዱም የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት አልፈረመም ነበር። ማሌዥያ ጀልባዎችን ወደ ባሕር ትመልስ ነበር።

ስምምነቱ

ጉባኤውን የጠሩት የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ ኩርት ቫልድሃይም ነበሩ። ውጤቱ ሦስት ወገኖችን ያሰረ ቃል ኪዳን ሆነ፦

* የአካባቢው አገሮች ስደተኞቹን ለጊዜው ለማስጠለል ተስማሙ። ኢንዶኔዥያና ፊሊፒንስ ወደ ሌላ አገር የሚሄዱት የሚቆዩባቸውን ጣቢያዎች ለመስጠት ቃል ገቡ።
* አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ሌሎች አገሮች በአገራቸው ለማስፈር ቃል የገቡትን የሰው ቁጥር ከ125,000 ወደ 260,000 ከፍ አደረጉ።
* ቬትናም ሕገ ወጥ ጉዞን ለመግታትና ሰዎች በሕጋዊ መንገድ እንዲወጡ ለመፍቀድ ተስማማች።

አንዱ ቃል በሌላው ላይ የተንጠለጠለ ነበር። የባሕር ዳርቻው አገር በሩን የሚከፍተው፣ ያስጠለላቸውን ሰዎች ሌላ አገር እንደሚወስድለት እስካመነ ድረስ ብቻ ነው።

የስምምነቱ መላላትና ሁለተኛው ጉባኤ

በ1980ዎቹ መጨረሻ የጀልባ መንገደኞች ቁጥር እንደገና ሲጨምር፣ አስፋሪ አገሮች የሚወስዱት ሰው ግን ቀነሰ። የአካባቢው አገሮችም በራቸውን መዝጋት ጀመሩ። ስለዚህ በጁን 1989 ሁለተኛ ጉባኤ እዚያው ጄኔቫ ተደርጎ አዲስ ዕቅድ ወጣ። ከዚያ ቀደም በጀልባ የደረሱ ቬትናማውያን በአብዛኛው ያለ ምርመራ እንደ ስደተኛ ይቆጠሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ እየተመረመረ፣ ስደተኛ አይደለም የተባለው ወደ አገሩ እንዲመለስ ተወሰነ። ዕቅዱ በ1996 ሲያበቃ ከ100,000 በላይ ሰዎች ወደ ቬትናም ተመልሰው ነበር። የምርመራው ፍትሐዊነትና ከሆንግ ኮንግ በግዳጅ የተደረገው መመለስ ብርቱ ትችት አስነሥተዋል።

ውጤት

ከ1975 እስከ 1995 ባለው ጊዜ 800,000 ያህል ቬትናማውያን በጀልባ ወደ ጎረቤት አገሮች ደርሰዋል። ከ600,000 በላይ የሚሆኑት ደግሞ ባሕሩን በጀልባ ሳያቋርጡ በሕጋዊው የጉዞ ፕሮግራም ወጥተዋል።