ሁለተኛው የሲአርፒ ውጤት

አንድ ኪሎ ሆኖ የተወለደ ሕፃን በመላ አካሉ ያለው ደም 90 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ከአንድ የቡና ሲኒ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ እኛ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርሶች ላብራቶሪ ደም በጠየቀን ቁጥር እንሰስታለን። በደሙ ውስጥ ያለውን ጀርም ለማብቀል ለሚደረገው ካልቸር ብቻ 1 ሚሊ ሊትር ቢሆን ይመረጣል። ውጤቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያስጠብቃል፤ ያለጊዜው የተወለደ ልጅ እስከዚያ ላይቆይ ይችላል።

ከእናት የሚወርሰው የመከላከል አቅም በብዛት የሚተላለፈው በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ስለሆነ፣ ይህ ልጅ አቅሙ ሳይደርሰው ወጥቷል። ቆዳው ስስ ነው። ሲታመምም እንደ ትልቅ ሰው አያተኩሰው ይሆናል፤ እንዲያውም ይቀዘቅዛል፣ መጥባት ይተዋል፣ ትንፋሹ ቆም ቆም ይላል። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተካሄደ ጥናት፣ ከሞቱት ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት 30 በመቶ ያህሉን የገደለው ኢንፌክሽን ነበር።

ካልቸሩ እስኪደርስ ኢንፌክሽኑን ለመጠርጠር፣ በደም ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን የሚለካው የሲአርፒ ምርመራ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ፕሮቲኑን በ1930 (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ተቋም ያገኙት ቲሌትና ፍራንሲስ፣ የሳንባ ምች የያዛቸውን ሰዎች ደም ሲመረምሩ ነው። የሚያመርተው ጉበት ሲሆን፣ ኢንፌክሽን ከጀመረ በኋላ በደም ውስጥ ከፍ እስኪል ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል።

«ሲስተር፣ ውጤቱ ነጻ ነው አላችሁኝ፤ ታዲያ መርፌው ለምን?» ይሉኛል እናቶች። እውነታቸውን ነው። ግን የመጀመሪያው ደም የተቀዳው ጉበቱ ገና ሳይነቃ ሊሆን ይችላል። አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን የተባሉትን አንቲባዮቲኮች ጀምረን ምርመራውን ከ24 ሰዓት በኋላ የምንደግመውም ለዚሁ ነው። ከፍ ማለቱም ብቻውን አይፈርድም፤ ብርቱ ምጥ ወይም ኦፕራሲዮን ያለፈበት ልጅም ሲአርፒው ይጨምራል። ፕሮካልሲቶኒን የሚባለው ሌላ ምርመራ ቀድሞ ይነሳል፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በጤነኛ አራስም ላይ በራሱ ከፍ ይላል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የሲአርፒ ትልቁ ጥቅም መድኃኒት በማስቆም ላይ ነው። ሁለቱም ውጤቶች ዝቅ ካሉ፣ ካልቸሩ ምንም ካላበቀለና ልጁ ደህና ከጠባ፣ «ለማንኛውም ሰባት ቀን ይጨርስ» ማለት አይገባኝም። ሳያስፈልግ የቆየ አንቲባዮቲክ ለአንጀት ቁስለት ያጋልጣል፤ መድኃኒት የማይበግረው ክሌብሴላ የተባለ ባክቴሪያም ክፍሉን ይወርሳል።

ሰዓቱ ያልተጻፈበት የሲአርፒ ወረቀት ግን ምንም አይነግረኝም። ስለዚህ ደሙን የቀዳሁበትን ሰዓት መጠየቂያው ላይ በቀይ እስክሪብቶ እጽፋለሁ፤ ተረኛው ሐኪም ቢስቅብኝም።