የትንንሽ ባቡሮች መጽሔቶች በአንባቢ ዓይን

በሲያደብርና ዋዩ ወረዳ፣ ደነባ ላይ የባቡር ፉጨት አይሰማም። የወረዳው ልጅ ባቡር ማየት ቢያምረው አዲስ አበባ መግባት ይኖርበታል። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ግን ባቡርን አሳንሶ ጠረጴዛ ላይ የሚያስኬድ አዋቂ ሰው ሞልቷል፤ የጀርመኑ ማርክሊን ኩባንያ በላይፕዚግ ትርዒት ላይ ባለ ሐዲድ የባቡር አሻንጉሊቱን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። የትንንሽ ባቡር ወዳጆች የየራሳቸው መጽሔቶች አሏቸው። ስለ መጽሔቶቹም አይስማሙም።

ከአንጋፋዎቹ አንዱ፣ ሞዴል ሬይልሮደር፣ እ.ኤ.አ. በ1934 በአል ካልምባክ አማካይነት አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ላይ ተጀመረ። ጀርመን ሚባን በ1948፣ እንግሊዝ ሬይልዌይ ሞዴለርን በ1949 አወጡ።

የአንባቢው ዋነኛ ቅሬታ የምርት ግምገማን ይመለከታል። ገምጋሚው አዲሱን ሎኮሞቲቭ ያወድሳል፤ ገጹ ሲገለጥ የዚያው ፋብሪካ ማስታወቂያ ይመጣል። ሬይልዌይ ሞዴለርን የሚያሳትመው ፔኮ ራሱ ሐዲድ አምራች ነው፤ ማርክሊንም በስሙ የሚወጣ መጽሔት አለው። ይህ ብቻውን ግምገማውን ሐሰት አያደርገውም። ገንዘቡን ቆጥሮ የሚገዛ ሰው ቢጠራጠር ግን አይፈረድበትም።

ሌላው ሙግት በጀማሪና በባለሙያ መካከል ነው። ጀማሪው ቀላል ትምህርት ይፈልጋል፤ ሃያ ዓመት የሠራው ደግሞ «ይህንን ስንት ጊዜ ታስተምሩናላችሁ?» ይላል። እንደ እንግሊዙ ሞዴል ሬይልዌይ ጆርናል ያሉት የሚወደሱት ለእንዲህ ያለው ባለሙያ ስለሚጽፉ ነው፤ ጀማሪውን ግን ያስደነግጡታል።

ሚዛን የሚደፋው መለኪያ፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ከገጹ ተነስቶ መሥራት ይቻላል ወይ የሚለው ነው። የእኛን ሐዲድ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር መስመር 784 ኪሎ ሜትር ነበር፤ የሁለቱ ብረቶች ርቀት 1 ሜትር። በብዛት በሚሠራበት የ1 ለ87 ልክ ርቀቱ 11.5 ሚሊ ሜትር ግድም ይሆናል፤ ገበያው ላይ የሚገኘው ባለ 12 ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር የብረቶቹ ርቀት 1435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ግን የተለመደው ባለ 16.5 ሐዲድ ይበቃዋል። አሮጌው መስመር በዚሁ ልክ ሙሉውን ቢሠራ 9 ኪሎ ሜትር ይፈጃል! ስለዚህ ሠሪው የለገሃርን ወይም የድሬዳዋን ጣቢያ መርጦ ሌላውን ይተዋል። ምን እንደሚመረጥ የሚያስተምር፣ የፉርጎውን ልክ ከነቁጥሩ የሚያትም መጽሔት መደርደሪያ ላይ ይቆያል። የሚያምር ፎቶ ብቻ ያለው ታይቶ ይረሳል።

ኅትመቱ ራሱ እየተናጋ ነው። ሬይልሮድ ሞዴል ክራፍትስማንን ያሳትም የነበረው ካርስተንስ እ.ኤ.አ. በ2014 ተዘግቶ መጽሔቱ ወደ ሌላ አሳታሚ ተሻገረ፤ ሞዴል ሬይልሮደርም በ2024 ፋየርክራውን ለተባለ ኩባንያ ተሸጠ። የገጹን ቁጥር ማነስ የሚያማርር አንባቢ ዛሬ ነጻ የኢንተርኔት መጽሔትና ቪዲዮ አማራጭ አለው፤ የቪዲዮው ችግር ልኩን ለመውሰድ ደጋግሞ ማቆም ማስፈለጉ ነው።

የድሬዳዋ አሮጌ ፉርጎዎች ዝገት ሳይጨርሳቸው ሜትር ይዞ የሚለካቸው፣ ልኩንም በአማርኛ የሚያትም አዘጋጅ ቢገኝ መልካም ነው።