«አገር ስጪኝ»፦ እንቆቅልሽ በባልና ሚስት መካከል



እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ትናንት ማታ እራት ላይ ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ስለ ምን ተነጋገራችሁ? «የልጆቹ ክፍያ ደርሷል»፣ «ውኃ መጥቷል ወይ?»፣ «ነገ ማን ይመልሳቸዋል?» ከሚለው ሌላ ማለቴ ነው። ብዙዎቻችን ከዚህ እንደማናልፍ ከራሴ ቤት አውቃለሁ። ባለቤቴ የሰው ችግር ሲሰማ ውሎ ይገባል፤ እኔም እንዲሁ። ማታ ስንገናኝ ለእርስ በርሳችን የተረፈን ቃል ጥቂት ነው።

ወሎ ሰፈር ባለው ቤታችን ባለትዳሮች በየሁለት ሳምንቱ ለኅብረት ይሰበሰባሉ። አንድ ቀን ከቃሉና ከጸሎቱ በኋላ ቡናው እስኪፈላ ስንጠብቅ ትንሹ ልጃችን መጣና እንግዶቹን እንዲህ ሲል ጠየቃቸው። «ሁለት አባቶችና ሁለት ልጆች ሦስት የተቀቀለ እንቁላል ቀረበላቸው። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሙሉ እንቁላል በሉ፤ የቀረም የጎደለም የለም። እንዴት ሆነ?» አዋቂው ሁሉ ግራ ተጋባ። ለካ ሰዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ አያት፣ አባትና ልጅ። መካከለኛው ለአንዱ ልጅ፣ ለሌላው አባት ነው። በዚያ ማታ የተሳቀውን ሳቅ በቤታችን ለረጅም ጊዜ አልሰማሁም ነበር። ከዚያ ወዲህ በየተራ አንድ ባልና ሚስት አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ሕጋችን ቀላል ነው። ስልክ ይቀመጣል፤ እርሳስና ወረቀት አይነሣም።

አሁን የምነግራችሁ ግን ስለ ሳቁ አይደለም።

አንድ ማታ ጥያቄው የሠርግ ወንበር ነበር። አዳራሽ ውስጥ 13 ረድፍ ወንበር አለ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ 24 ሰው ይቀመጣል፤ ስንት ሰው ይጠራ? በገንዘብ ሥራ ላይ ያለ አንድ ወንድማችን ቶሎ ብሎ «302» አለ። ከጎኑ የተቀመጠችው ባለቤቱ ደግሞ የቆሎውን ሽምብራ ከሰሐኑ ጠርዝ ላይ እየደረደረች ቆይታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «312 መሰለኝ» አለች። እርሱም ሳቅ ብሎ «አንቺ ደግሞ! ሒሳብና አንቺ ተገናኝታችሁ አታውቁም» አላት። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ጽሑፉ ውሸት ይሆናል።

ትክክለኛው መልስ 312 ነው። ወንድማችን «ገምታ ነው» አለ። እርሷም ምንም አልመለሰችም። ሲኒ ለማጠብ ወጥ ቤት ስንገባ እንዴት እንዳገኘችው ጠየቅኋት። አባቷ ገጠር ከብት ነጋዴ ነበሩ፤ ፊደል አልቆጠሩም፣ ነገር ግን በጠጠር እየቆጠሩ በገበያ ማንም አያታልላቸውም ነበር። ለእርሷም አስተምረዋታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከእኔ ጋር ሥሩት። በአንድ ወገን 13ን ግማሽ ግማሽ እያደረጋችሁ ውረዱ፤ ቀሪውን ተዉት። 13፣ 6፣ 3፣ 1 ይሆናል። በሌላው ወገን 24ን እጥፍ እያደረጋችሁ ውረዱ፤ 24፣ 48፣ 96፣ 192። አሁን በግራ በኩል ሙሉ ቁጥር ያለበትን፣ ማለት ለሁለት እኩል የሚከፈለውን መስመር ሰርዙ። 6 ነውና 48 ይወጣል። የቀሩትን 24፣ 96 እና 192 ደምሩ፤ 312። የማባዣ ሠንጠረዥ በቃል ማወቅ አያስፈልግም። እጥፍና ግማሽ የሚያውቅ ሁሉ ይሠራዋል። ምሥጢሩ 13 ማለት 8 እና 4 እና 1 መሆኑ ነው። የ24 ስምንት እጥፍ 192፣ አራት እጥፉ 96፣ ራሱ 24።

ይህ አሠራር በውጭው ዓለም የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ «የኢትዮጵያውያን ማባዣ» ተብሎ ይታወቃል። የጥንት ግብጻውያንም በእጥፍ ያባዙ እንደነበር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ አሕሞስ የተባለ ጸሐፊ የገለበጠው፣ ዛሬ በለንደን የብሪታንያ ሙዚየም የሚገኘው የሪንድ ፓፒረስ ያሳያል። በዚያው ፓፒረስ ላይ ሰባት ቤቶች፣ በየቤቱ ሰባት ድመቶች፣ እያለ የሚሄድ እንቆቅልሽ የሚመስል ስሌት ሁሉ አለ። ሙሴ የግብጻውያንን ጥበብ ሁሉ እንደተማረ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7 ተጽፏል፤ እንግዲህ ሙሴም እንደዚህች እኅታችን እጥፍና ግማሽ ሳይቆጥር አይቀርም ብዬ ባስብ ባለቤቴ ነገረ መለኮት አጣመምሽ አይለኝም።

እኅታችን ግን ሲኒውን እያጠበች ሌላ ነገር ነገረችኝ። በትዳር በኖሩባቸው ዓመታት ሁሉ የቤቱ ገንዘብ ስንት እንደሆነ አታውቅም። ስትጠይቅ የሚሰጣት መልስ በእንግዶች ፊት የተሰጣት ያው መልስ ነው፤ «ሒሳብ አይገባሽም»። በእኛ ሳሎን የተሳቀው ሳቅ በእርሷ ቤት ለብዙ ጊዜ የቆየ ነገር ነበር።

ያን ሌሊት መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 14ን አወጣሁ። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ሶምሶን ጉልበት ብዙ ጽፌአለሁ፤ ሠርጉ በእንቆቅልሽ እንደፈረሰ ግን አስተውዬ አላነበብኩትም ነበር። ሶምሶን በተምና በሰባቱ የግብዣ ቀናት ለሠላሳ ሚዜዎች እንቆቅልሽ አቀረበ፤ መያዣው ሠላሳ የበፍታ ቀሚስና ሠላሳ ልዋጭ ልብስ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ መልሱን አስቦ ሊያገኘው የሚችል ሰው አልነበረም። በአንበሳው ሬሳ ውስጥ ማር ማየቱን ለአባቱና ለእናቱ እንኳ አልነገራቸውም። ስለዚህ እኔ ይህን እንቆቅልሽ አልለውም፤ ወጥመድ እለዋለሁ። ሚዜዎቹ ሚስቱን በእሳት እናቃጥልሻለን ብለው አስፈራሯት፤ አለቀሰች፤ በሰባተኛው ቀን ነገራት፤ እርሷም ለሕዝቧ ነገረች። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። በአስቀሎና ሠላሳ ሰው ሞተ፤ ሶምሶን ተቆጥቶ ወደ አባቱ ቤት ሄደ፤ ሚስቱም ለሚዜው ተሰጠች።

በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 10 ደግሞ ሌላ ጠያቂ አለች። የሳባ ንግሥት ሰሎሞንን በእንቆቅልሽ ልትፈትነው ስትመጣ በልብዋ ያለውን ሁሉ አጫወተችው። እርሱም የጠየቀችውን ሁሉ ፈታላት፤ በመጨረሻም እርሷ 120 መክሊት ወርቅ ሰጠችው፣ እርሱም የወደደችውን ሁሉ ሰጣት። ንግሥቲቱ ጠየቀች ተብላ አልተናቀችም፤ ንጉሡም ተጠየቀ ተብሎ ክብሩ አልተነካም።

የእኛም የአገራችን እንቆቅልሽ ከዚህ ብዙም አይርቅም። «እንቆቅልሽ» ሲባል መልሱ «ምን አውቅልህ» ነው፤ ገና ሳይጠየቁ አላውቅም ማለት። ያልቻለ «አገር ስጪኝ» ይባላል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን ሰጥቶ ይገላገላል። ከዚያ በኋላ በተሸናፊው ላይ የሚወርደው ውርጅብኝ አለ፤ እርሱን እኛ ቤት አስቀርተነዋል። አገር መስጠቱ ግን ደስ ይለኛል። ስንቶቻችን ባሎችና ሚስቶች ነን «አላወቅሁም፣ ንገረኝ» ለማለት ከንፈራችን የሚተሳሰረው?

ባለቤቴ በሳምንቱ ያን ወንድም ለብቻው አነጋገረው። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም። በሚቀጥለው ስብሰባ ወንድማችን ተነሥቶ «የባለፈውን መልስ ያገኘችው እርሷ ናት፤ እንዴት እንደሠራችው ታሳየን» አለ። ጠጠር አጣን፤ ሽምብራ አመጣን። ልጆቹ ከበቡአት። ነገሩ በአንድ ቀን ተለወጠ ብዬ አልዋሻችሁም፤ የገንዘቡ ነገር ብዙ ወር ፈጅቷል፣ ሁለት ጊዜም እያለቀሰች መጥታለች። አሁን በወር መጨረሻ አብረው ተቀምጠው ያሰላሉ። አንዳንዴ ሲጣሉም ይታያሉ፤ ቢያንስ በአንድ ደብተር ላይ ነው።

በቤታችሁ ልትጀምሩ ብታስቡ አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ። ቶሎ የሚገባችሁ ከሆናችሁ ዝም በሉ። ይህ ለእኔ ከጾም ይከብደኛል። ልጅ አንድ ጥያቄ ላይ ሩብ ሰዓት ሲታገል መልሱን ከአፉ መንጠቅ ምግቡን መንጠቅ ነው፤ ባልም ሚስትም እንዲሁ። ከባድ ጥያቄም አያስፈልግም። ነብር፣ ፍየልና ቅጠል በአንዲት ታንኳ ወንዝ የሚያሻግረው ሰውዬ ይበቃል፤ አውሮፓውያን በተኩላ፣ በፍየልና በጎመን የሚጠይቁት ከሺህ ዓመት በላይ ነው። ፍየሏን አሻግሮ እንደገና መመለስ እንዳለበት እስኪገባቸው ድረስ ተዉአቸው።

ለዛሬ ማታ ይህን ልስጣችሁ። መብራት ጠፍቷል። ባል፣ ሚስት፣ አማትና አያት አንዲት የእጅ ባትሪ ይዘው ጠባብ የእንጨት ድልድይ ሊሻገሩ ነው። በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው በላይ አይችልም፤ ያለ ባትሪም መሻገር አይቻልም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አንዱ ይዞት መመለስ አለበት። ባል በ1 ደቂቃ፣ ሚስት በ2፣ አማት በ5፣ አያት በ10 ደቂቃ ይሻገራሉ። ሁለት ሰዎች አብረው ሲሄዱ የሚሄዱት በዘገየው እርምጃ ነው። ሁሉም በ17 ደቂቃ እንዴት ይሻገራሉ?

ባለቤቴ «በ19 ነው፣ ከዚያ በታች አይሆንም» ብሎ ተኛ። እኔ እስከ እኩለ ሌሊት ነቅቼ ቆየሁ። በነጋታው ቁርስ ላይ መልሱን ልነግረው አፌን ስከፍት እጁን አንሥቶ «ተይኝ፣ ገና እያሰብኩ ነው» አለኝ።