ጂኦካሺንግ፦ በስልክ እየተመሩ የተደበቀ ዕቃ ፍለጋ

ልጆች ስልክ ይዘው በጫካ ውስጥ ከድንጋይ ሥርና ከዛፍ ግንድ ጀርባ ሲፈልጉ ብታዩ ዕቃ የጠፋባቸው ላይሆኑ ይችላሉ። ምናልባት ጂኦካሺንግ የሚባለውን ጨዋታ እየተጫወቱ ነው። ሁላችንም በልጅነታችን ድብብቆሽ ተጫውተናል። በዚህኛው ጨዋታ ግን የሚደበቀው ሰው ሳይሆን ዕቃ ነው፤ ፈላጊውም በየአገሩ ያለ ሰው ነው። ጨዋታው ምን እንደሆነ፣ ሰዎች ምን እንደሚያገኙበትና እዚህ እስራኤል ውስጥ በምን መጠንቀቅ እንደሚገባ እንደሚከተለው እናስረዳለን።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። አንድ ሰው ውሃ የማያስገባ ትንሽ ሣጥን ያዘጋጅና ስም የሚጻፍበት ወረቀት ይከትበታል። ሣጥኑን ይደብቅና የቦታውን ልክ በቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው ሰው ያንን ቁጥር በስልኩ ከፍቶ ይሄዳል። ስልኩ ከምድር በላይ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች ምልክት እየተቀበለ ይመራዋል። የሚያደርሰው ግን ጥቂት ሜትር እስኪቀር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሥራው የዓይንና የብልሃት ነው። ሣጥኑን ያገኘ ሰው ስሙንና ቀኑን ወረቀቱ ላይ ጽፎ እንደነበረ መልሶ ይደብቀዋል። በሣጥኑ ውስጥ ትንንሽ ዕቃዎች ካሉ አንዱን መውሰድ ይቻላል፤ የወሰደ ሰው ግን በምትኩ ሌላ ያስቀምጣል።

ጨዋታው የተጀመረበት ቀን በደንብ ይታወቃል። ቀድሞ የአሜሪካ መንግሥት ለተራው ሰው የሚደርሰውን የሳተላይት ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር መሣሪያው እስከ 100 ሜትር ያህል ይሳሳት ነበር። እ.ኤ.አ. በሜይ 1 ቀን 2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ይህ እንዲቀር አደረጉ። ከሁለት ቀን በኋላ ዴቭ አልመር የሚባል የኮምፒዩተር ባለሙያ ምልክቱ ምን ያህል እንደተስተካከለ ለመፈተን በኦሪገን ጫካ ውስጥ ጥቁር ባልዲ ደበቀ። በባልዲው ውስጥ መጻሕፍት፣ የቪዲዮ ካሴት፣ የላስቲክ ወንጭፍና አንድ የታሸገ የቦሎቄ ቆርቆሮ ነበሩ። ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ባወጣ በሦስት ቀን ውስጥ ማይክ ቲግ የተባለ ሰው አገኘው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሣጥኖች ተደብቀዋል፤ በእስራኤልም አሉ።

ያ የቦሎቄ ቆርቆሮ ከዓመታት በኋላ በዚያው ቦታ ተገኝቷል። ዝገቱ እንዳለ ሆኖ ተጫዋቾች በሚሰበሰቡበት ቦታ እየተወሰደ ይታያል፤ ሰዎችም እንደ ቅርስ ይመለከቱታል። ሌላ የሚገርም መደበቂያም አለ። በ2008 ሪቻርድ ጋሪዮት የተባለ ሰው ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲሄድ አንዱን እዚያ አኖረ። ሄዶ እስኪያገኘው ድረስ ሌላ ሰው አምስት ዓመት ፈጀ፤ እሱም ጠፈርተኛው ሪክ ማስትራኪዮ ነበር። በ2021 ማርስ ላይ ያረፈው ፐርሲቪራንስ የተባለው መኪናም የዚህ ጨዋታ ምልክት ያለበት ትንሽ ሰሌዳ ይዞ ሄዷል።

እንዲህ ያለው ዝና ግን የጥቂቶች ነው። በአብዛኛው ሣጥን ውስጥ የሚገኘው ብይ፣ ቁልፍ፣ የቁልፍ መያዣ ወይም የልጅ መጫወቻ ነው፤ ገበያ ቢወጣ ሁለት ሼቄል አያወጣም። ታዲያ ሰው ለምን ይደክማል? የመጀመሪያው ምክንያት ቦታው ነው። ሣጥኑን የደበቀው ሰው ያንን ቦታ የመረጠው ስለወደደው ነው። ምንጭ፣ ያረጀ ዛፍ፣ አገር የሚታይበት ኮረብታ ሊሆን ይችላል። ሰው ከቤቱ አጠገብ 20 ዓመት ኖሮ ያላየውን ምንጭ ሣጥን ፍለጋ ሲወጣ ያየዋል።

ሁለተኛው ምክንያት አብሮ መሄዱ ነው። በብዙ ቤት የልጅ ልጆች በዕብራይስጥ ያወራሉ፣ አያቶች በአማርኛ። ፊት ለፊት ተቀምጦ ለማውራት ሁለቱም ቃል ያጥራቸዋል። አንድ ነገር አብሮ ሲፈለግ ግን ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ «እዚህ እይ»፣ «ያ ድንጋይ ተነካክቷል» ማለት ይበቃል። ስልኩን ልጁ ይያዝ። ያለ ካርታ መንገድ አውቆ ያደገ፣ ከብት ሲጠፋ ዱካ ተከትሎ የፈለገ ሰው ደግሞ መሬትን ማንበብ ያውቃል። የተገላበጠ ድንጋይ፣ ያለቦታው የተከመረ ቅጠል፣ የተረገጠ ሣር አይቶ ያልፋል ማለት ዘበት ነው። ሣጥኑን ያገኘው አያት ከሆነ ልጁ ይህን እንዴት እንዳወቀ መጠየቁ አይቀርም። የአገር ቤቱ ታሪክ የሚነገረው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ጥንቃቄው እንምጣ። እዚህ አገር ባለቤቱ ያልታወቀ ሣጥን ሔፌጽ ሐሹድ ነው። በእንግሊዝ አገር እንኳ በ2011 ዌዘርቢ በምትባል ከተማ የተደበቀ የጨዋታ ሣጥን ቦምብ ነው ተብሎ በባለሙያዎች ፈንድቷል። ስለዚህ የጨዋታ ሣጥን መሆኑን በስልካችሁ ያላረጋገጣችሁትን ዕቃ አትንኩ፤ ራቁና በ100 ለፖሊስ ደውሉ። እናንተ ራሳችሁ ሣጥን የምትደብቁ ከሆነ ከአውቶቡስ ጣቢያ፣ ከትምህርት ቤትና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አርቁት፤ የጨዋታ ሣጥን መሆኑንም በላዩ ጻፉበት። የጦር ሠራዊት መለማመጃ ቦታና የፈንጂ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ያለበት አጥር ውስጥ በፍጹም አትግቡ።

ስልኩንም ሙሉ በሙሉ አትመኑት። በጦርነቱ ምክንያት በ2024 የሳተላይት ምልክት ሲታወክ የብዙ ሰው ስልክ ሰሜን እስራኤል ውስጥ እያለ ቤይሩት እንዳለ ያሳይ ነበር። መንገዱን በዓይናችሁ ምልክት እያደረጋችሁ ሂዱ።

መሬት መቆፈርም አይፈቀድም፤ የጨዋታው ሣጥን አይቀበርም። በመንገድ ላይ የጥንት ሳንቲም ወይም ሸክላ ብታዩስ? በ1978 በወጣው የቅርስ ሕግ መሠረት ንብረቱ የመንግሥት ነው፤ በ15 ቀን ውስጥ ለቅርስ ባለሥልጣን መነገር አለበት። በ2016 በምሥራቅ ገሊላ በእግር ትጓዝ የነበረች አንዲት ሴት ሣር ውስጥ የሚያብለጨልጭ ነገር አይታ አነሳች። ከ1,900 ዓመት በላይ የሆነው እጅግ ብርቅ የሮማ የወርቅ ሳንቲም ነበር። እሷም አስረከበችው፤ ባለሥልጣኑም አመሰገናት።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ስልክ፣ ውሃ፣ ኮፍያና እስክርቢቶ ነው። የልጅ ልጃችሁ የጂኦካሺንግን አፕሊኬሽን በነፃ ሊያወርድላችሁ ይችላል። እያንዳንዱ ሣጥን ሁለት ቁጥር አለው፤ አንዱ ለማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ሌላው መንገዱ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ይናገራል። ሁለቱም ከ1 እስከ 5 ናቸው። የመንገዱ ቁጥር 1 ከሆነ በተሽከርካሪ ወንበር እንኳ ይደረስበታል፤ ጉልበት ለሚያማቸው የሚሻለው ይኸኛው ነው። በበጋ ፀሐዩ ሳይበረታ በማለዳ ውጡ።

አንዳንድ ቀን ተፈልጎ አይገኝም፤ ሣጥኑ ጠፍቶ ወይም ሰው ወስዶት ሊሆን ይችላል። እንዲያም ሆኖ ጥሩ አየር ተነፍሷል፣ እግር ተፍታቷል፣ ከልጁ ጋር ሁለት ሰዓት አብሮ ታልፏል። በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ ራሱ «ዛሬስ ወዴት እንሂድ?» ብሎ ከጠየቀ ትልቁ ግኝት እሱ ነው።