ሒሳብን በባቄላ እና በገበጣ

በአማራ ክልል ባጋጠመው የጸጥታ ችግር ምክንያት በርካታ ሕጻናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ትምህርት ሲቋረጥ ፈጥነው ከሚዘነጉት አንዱ ሒሳብ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ዞን በብቸና እና በሞጣ አካባቢ የሚኖሩ ወላጆች፣ ማንበብና መጻፍ ባይችሉም እንኳ፣ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆቻቸውን በቤት ውስጥ ማለማመድ ይችላሉ።

ለጀማሪ ልጅ 10 የባቄላ ፍሬ ይበቃል። ልጁ ከቆጠረ በኋላ ጥቂቱን በስኒ ሸፍኖ «ስንት ተደበቀ?» ብሎ መጠየቅ መቀነስን ያስተምራል። ከፍ ላለው ገበጣ ይጠቅማል። በ12 ጉድጓዶች ውስጥ 4፣ 4 ጠጠር ሲደረግ ድምሩ 48 ይሆናል፤ ማባዛት ተደጋጋሚ መደመር መሆኑንም በዓይን ያሳያል። ገበያ ሲወጣም የአንድ እንቁላል ዋጋ 15 ብር ቢሆን የ3ቱን ዋጋ፣ ከ50 ብር የሚመለሰውንም ልጁ ራሱ ያስላ።

ልጁ ሲሳሳት መቆጣትም ሆነ መልሱን ፈጥኖ መንገር አይገባም። «እንዴት አገኘኸው?» ብሎ መጠየቅና ፍሬዎቹን ደግሞ እንዲቆጥር ማድረግ ይሻላል። በእጁ የቆጠረውን ኋላ በቁጥር ሲጽፈው ምልክቱ ትርጉም ይኖረዋል። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ መለማመድ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ሲመለስ እንደ አዲስ እንዳይጀምር ያግዘዋል።