ነጣ ያለ ግራናይት ለማድ ቤት ጠረጴዛ
ሻጩም ገዢውም አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ

በየከተማው የሚሠራው መኖሪያ ቤት በቁጥር እየበዛ፣ በአሠራሩም እየተሻሻለ ስለ ሄደ፣ ቀድሞ በትልልቅ ሆቴሎችና በባንክ ሕንጻዎች ይታይ የነበረው የተወለወለ ግራናይት ዛሬ ወደ ግለሰብ ማድ ቤት ገብቷል። ይልቁንም ነጣ ያለው፣ ማለት ነጭ፣ አመድማና የወተት ቀለም ያለው ዓይነት ማድ ቤትን ብሩህና ንጹሕ አድርጎ ስለሚያሳይ ብዙ ፈላጊ አለው። ነገር ግን ይኸው ቀለም ጉድለትን የማይሸሽግ በመሆኑ፣ አመራረጡንና አያያዙን ሳያውቁ የሚሸጡትም የሚገዙትም ለክርክር ይዳረጋሉ። ስለዚህ በመካነ ኢየሱስና በአካባቢው፣ በጋይንትም በስማዳም ያሉ ነጋዴዎች ለደንበኞቻቸው ትክክለኛ ምክር መስጠት ይችሉ ዘንድ ዋና ዋናውን ነገር ከዚህ በታች እንገልጻለን።

የድንጋዩ አገር የት ነው?

መካነ ኢየሱስ ያለችበት የእስቴ ምድር፣ እንዲሁም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ፣ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ አገር ነው። የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ፣ በሊቃውንቱ አጠራር ባዛልት፣ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ ከምድር በላይ የፈሰሰና የረጋ ነው። ለመሠረት፣ ለግድግዳና ለአጥር የምንጠቀምበት ድንጋይ ይህ ነው። ግራናይት ግን ከምድር በታች በጥልቅ ስፍራ ቀስ ብሎ የበረደ ድንጋይ ስለ ሆነ፣ የሚገኘው እጅግ አሮጌው መሠረተ ምድር ወደ ላይ በወጣበት አገር ነው። በአገራችንም በወለጋ፣ በትግራይ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በሲዳሞና በሐረርጌ በኩል ይገኛል። በባቢሌ አጠገብ በዳካታ ሸለቆ አንዱ በሌላው ላይ ተደግፈው የቆሙት ታላላቅ አለቶች ግራናይት ናቸው።

ከዚህ የምንረዳው ነገር ቢኖር፣ በእስቴ ገበያ የሚሸጥ ግራናይት ሁሉ ከሩቅ ተጭኖ የሚመጣ መሆኑን ነው። አንዱ ከአገር ውስጥ ካባ ተቈርጦ፣ ሌላው ከሕንድ፣ ከቻይና፣ ከብራዚል ወይም ከኢጣሊያ በጂቡቲ ወደብ በኩል ገብቶ ይደርሳል። በአንድ ቤት ልክ ተቈርጦ የመጣ ድንጋይ «አልተስማማኝም» ተብሎ የሚመለስ ዕቃ አይደለም። መጥኖ መደቆስ የሚያሻው አስቀድሞ ነው።

ግራናይት የሚለው ስም

በሥነ ምድር ሊቃውንት ዘንድ እውነተኛ ግራናይት የሚባለው በውስጡ ኳርትዝ፣ ፌልድስፓርና ማይካ የተባሉ ማዕድናት ያሉበት ድንጋይ ነው። በገበያ ግን ስሙ ከዚህ የሰፋ ነው። ጠንካራ ሆኖ፣ ፍሬው በዓይን እየታየ፣ ተወልውሎ የሚያበራ ድንጋይ ሁሉ ግራናይት ይባላል። ለዚህ ታላቅ ምስክር የሚሆነን የአክሱም ሐውልት ነው። በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ ተወስዶ በ1997 ዓ.ም. የተመለሰው፣ በ2000 ዓ.ም. በስፍራው እንደ ገና የቆመው ባለ 24 ሜትር ሐውልት በብዙ ጽሑፍ ግራናይት ተብሎ ሲጠራ ኖሯል። መርማሪዎቹ ግን ድንጋዩ ኔፈሊን ሳይናይት የተባለ፣ ኳርትዝ የሌለበት የግራናይት ዘመድ መሆኑን አረጋግጠዋል። ስሙ ቢለያይም ድንጋዩ ዘመናትን ችሎ መኖሩን ማንም አይክድም። ስለዚህ የንግድ ስም ከሊቃውንት ስም ቢሰፋ በራሱ ማታለል አይደለም። ማታለል የሚሆነው ጠባዩ ፈጽሞ የተለየውን ድንጋይ በዚሁ ስም መሸጥ ነው።

ይህም ስሕተት ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው በእብነ በረድ ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ እንዳለው እንደ ዳለቲው ያለ የአገራችን ነጭ እብነ በረድ ለወለልና ለግድግዳ እጅግ ያማረ ዕቃ ነው። ሆኖም የእብነ በረድ ዘሩ ከኖራ ድንጋይ ስለ ሆነ ሎሚ፣ አቼቶና ቲማቲም ይበሉታል፤ ውልውሉም ደብዝዞ ይቀራል። በጥንካሬም ቢሆን፣ ከ1 እስከ 10 ባለው የማዕድን መለኪያ እብነ በረድ 3 ገደማ ሲሆን የግራናይት ፌልድስፓር 6፣ ኳርትዙም 7 ነው።

ሁለቱን ለመለየት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከተቈረጠው ትርፍ ቁራጭ ላይ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ጠብ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ ቈይቶ መጥረግ ነው። ስፍራው ከደበዘዘ ድንጋዩ እብነ በረድ ወይም የእርሱ ዘመድ ነው። እንዲሁም በተራ ቢላዋ ጫፍ ሲጫሩት እብነ በረድ ይጫራል፤ ግራናይት ግን ብዙውን ጊዜ የቢላዋውን ብረት እንደ እርሳስ መስመር ተቀብሎ ራሱ ሳይጐዳ ይቀራል። ይህን ፈተና ነጋዴው ራሱ በደንበኛው ፊት ቢፈጽመው ከብዙ ምስጋና ቃል ይልቅ ያሳምናል።

ከውጭ አገር የሚመጣው ዕቃ የሚይዘው ስምም ሁልጊዜ የትውልድ ስፍራውን አያመለክትም። ለምሳሌ ያህል ካሽሚር ኋይት የተባለው ቀይ ነጠብጣብ ያለበት ነጭ ድንጋይ የሚቈፈረው በካሽሚር ሳይሆን በደቡብ ሕንድ በታሚል ናዱ ነው። ከነጮቹም መካከል ፈሳሽ በመምጠጥ የታወቀ ስለ ሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አስመጪው ከስሙ ይልቅ የድንጋዩን የውሃ መምጠጥ መጠን የሚገልጽ የፈተና ወረቀት ከላኪው ይጠይቅ። በታወቀው የአሜሪካኖች የመለኪያ ደንብ መሠረት ለሕንጻ የሚውል ግራናይት የሚመጠው ውሃ ከክብደቱ ከመቶ 0.4 እንዳይበልጥ ተወስኗል።

ቀለሙን ስለ መምረጥ

ነጣ ያለ ድንጋይ አንዱ ጥቅም ብርሃንን መመለሱ ነው። መስኮቱ ጠባብ በሆነና በአንድ አምፑል በሚበራ ማድ ቤት ውስጥ ጥቁር ድንጋይ ብርሃኑን ሲውጠው፣ ነጣ ያለው የሥራውን ስፍራ ገላጭ ያደርገዋል። ከዚህም በቀር በተወለወለ ጥቁር ድንጋይ ላይ አቧራና የደረቀ የውሃ ነጠብጣብ ጐልቶ ሲታይ፣ አመድማ ወይም ጥቁር ፍሬ በተበተነበት ነጭ ላይ እምብዛም አይታይም። ፈጽሞ ነጭ የሆነው ግን እያንዳንዱን ነጠብጣብ ስለሚያጋልጥ፣ በየቀኑ ወጥ ለሚሠራበት ቤት ፍሬው ጐላ ያለውና ሁለት ሦስት ቀለም የተቀላቀለበት ይመረጣል።

ደንበኛው ቀለሙን በትንሽ ናሙና ብቻ አይወስን። የተፈጥሮ ድንጋይ ከስፍራ ወደ ስፍራ ይለዋወጣልና፣ ነጋዴዎች ስላብ የሚሉትን ሙሉውን ጠፍጣፋ ድንጋይ በቀን ብርሃን ይመልከት። ለማድ ቤቱ ከአንድ በላይ ስላብ የሚያስፈልግ ከሆነ ከአንድ ጥርብ የተሰነጠቁ፣ ተከታታይ ቁጥር ያላቸው ይሁኑ፤ አለዚያ መጋጠሚያው ላይ የቀለሙ ልዩነት ዓይን ይይዛል። በነጩ ላይ የዝገት መልክ ያለው ቢጫ ነጥብ ቢታይ ብረት የያዘ ማዕድን ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ከውሃ ማጠቢያው አጠገብ ባይውል ይሻላል።

ስለ ማስማማት

ነጣ ያለ ግራናይት ከአገራችን የዋንዛ እንጨት ጋር መልካም ይስማማል። የዋንዛው ሞቅ ያለ ቡናማ ቀለም የድንጋዩን ቅዝቃዜ ያለዝበዋል። በዚህ ጊዜ ግድግዳው ከድንጋዩ ፍሬ ውስጥ አንዱን ቀላል ቀለም ይዞ ቢቀባ ይበቃል፤ ሌላ ጌጥ ያለበት ሴራሚክ በግድግዳው ላይ ሲጨመር ሁለቱ ጌጦች ይጣላሉ። የካቢኔው እንጨት ነጭ ከተቀባ ደግሞ ወደ አመድማ የሚያደላ ድንጋይ መምረጥ ነጩን ከነጩ ይለየዋል። የጠረጴዛው ጠርዝ በጥቂቱ ክብ ሆኖ ቢሠራ አይሸረፍም፣ ልጆችንም አይጐዳም። ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት በኩል ከዚያው ድንጋይ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው መከለያ ማቆም ውሃና ዘይት ወደ ግድግዳው እንዳይሰርግ ያደርጋል።

እርድ፣ በርበሬና ቅቤ

የውጭ አገር ላኪ ስለ ቡናና ስለ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ያስጠነቅቃል። በእኛ ማድ ቤት ግን ነጭ ድንጋይን የሚፈትነው እርድ፣ በዘይት የቈላ በርበሬ፣ የተነጠረ ቅቤና ቀይ ሥር ነው። ግራናይት ጠንካራ ቢሆንም በፍሬዎቹ መካከል በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ስላለው፣ ዘይት ቀለሙን ይዞ ይገባል። በጥቁር ድንጋይ ላይ የማይታወቀው በነጩ ላይ ይገለጣል።

መድኃኒቱ ሲለር የሚባለው ቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽ ነው። ድንጋዩ ከተተከለና በሚገባ ከደረቀ በኋላ ይቀባል፤ ትርፉም ሳይደርቅ ይጠረጋል። ሲለሩ እየሠራ መሆኑን ለማወቅ ውሃ ጠብ አድርጎ 10 ወይም 15 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ውሃው እንክብል ሆኖ ከቆየ ደኅና ነው፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ከጠቈረ ግን እንደ ገና መቀባት ያስፈልጋል። ስለዚህ ነጣ ያለ ግራናይት የሚሸጥ ሱቅ ሲለሩንም አብሮ ቢያቀርብ ለደንበኛው አገልግሎት፣ ለራሱም ተገቢ ትርፍ ይሆናል።

ለዕለት ጽዳት ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል። በረኪናና የመጸዳጃ ቤት አሲድ አይነካው። ዘይት ገብቶ ከታየ ቤኪንግ ሶዳን በውሃ ለውሶ እንደ ሊጥ በማድረግ በስፍራው ላይ መለጠፍ፣ በላስቲክ ሸፍኖ አንድ ቀን ማቆየት፣ ከዚያም ማጠብ ነው። የጋለ ድስት ለጥቂት ጊዜ ቢቀመጥበት ብዙውን ጊዜ አይጐዳም። የሚነድ የከሰል ምድጃ ግን በላዩ ሊቀመጥ አይገባም፤ በአንድ ስፍራ የተከማቸ ሙቀት ይልቁንም በማጠቢያው ቀዳዳ ጥግ በኩል ሊሰነጥቀው ይችላል።

ልክ፣ ክብደትና ጭነት

የማድ ቤት ጠረጴዛ ወርዱ በተለመደው 60 ሳንቲ ሜትር፣ ከወለሉ ከፍታው ከ85 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። በአንድ ግድግዳ 3 ሜትር፣ ከማእዘኑ ወዲያ ደግሞ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ጠረጴዛ 3 ካሬ ሜትር ድንጋይ ይፈልጋል። ግራናይት በአንድ ሜትር ኩብ 2,700 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው በካሬ ሜትር 54 ኪሎ፣ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነውም 81 ኪሎ ይሆናል። እንግዲህ ያ ጠረጴዛ በ2 ሳንቲ ሜትር 162 ኪሎ፣ በ3 ሳንቲ ሜትር 243 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። አናጺው የሚሠራው ካቢኔ ይህን ሸክም የሚችል ወይም ከሥሩ የብረት ድጋፍ ያለው መሆኑ ድንጋዩ ከመታዘዙ በፊት ይረጋገጥ።

በመኪና ሲጫን ድንጋዩ በጐኑ ቆሞ፣ በእንጨት መደገፊያ ላይ ዘንበል ብሎ፣ የተወለወለው ፊት ከተወለወለው ፊት ጋር ገጥሞ በመካከሉ ካርቶን ይግባበት። አጋድሞ መጫን በጐርባጣ መንገድ ስብራትን መጋበዝ ነው። የማጠቢያው ቀዳዳ ከተቈረጠ በኋላ ከፊትና ከኋላ የሚቀረው ቀጭን ክፍል በቀላሉ ስለሚሰበር፣ የሚቻል ከሆነ ቀዳዳው በሚተከልበት ቤት ቢቈረጥ ይመረጣል።

ስለ ውልና ስለ ዋጋ

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ ከውጭ የሚመጣ ድንጋይ ዋጋ ከትእዛዙ ቀን እስከ ርክክቡ ቀን ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ነጋዴው የሚሰጠው የዋጋ ማስታወቂያ እስከ ስንት ቀን እንደሚጸና ይጻፍበት። በደረሰኙም ላይ የድንጋዩ ስምና የመጣበት አገር፣ ውፍረቱ፣ የካሬ ሜትሩ ብዛት፣ የጠርዙ አሠራር፣ የማጠቢያው ቀዳዳ ከሒሳቡ ይቀነስ ወይም አይቀነስ እንደ ሆነ፣ በመንገድ ቢሰበርም ኀላፊው ማን እንደ ሆነ ይገለጽ። ቃል ይረሳል፤ ጽሑፍ ግን ከክርክር ያድናል።

ማድ ቤቱን የሚያሠራው ሰው ብዙውን ጊዜ የዓመታት ቁጠባውን፣ ወይም በውጭ አገር ያለ ዘመዱ የላከለትን ገንዘብ በዚህ ላይ ያውለዋል። ድንጋዩ ቢበላሽ የሚወቅሰው በስም የማያውቀውን የካባ ባለቤት ሳይሆን ከሱቁ የሸጠለትን ጐረቤቱን ነው። ለአገር ውስጥ ድንጋይ አምራቾችና ላኪዎችም ይኸው ይሠራል፤ የኢትዮጵያ ግራናይት በውጭም በውስጥም ገበያ ሊከበር የሚችለው ጠባዩ ተፈትኖ፣ ልኩ ተጠብቆ፣ በትክክለኛ ስሙ ሲቀርብ ነው። እንግዲህ ሻጭ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ድንጋዩን በሎሚ ይፈትን፣ ሙሉውን ስላብ በቀን ብርሃን ያሳይ፣ የሲለሩን ነገር ያስረዳ። እነዚህን ሦስቱን ለመፈጸም ከግማሽ ሰዓት የበለጠ ጊዜ አይወስድበትም።